ቱቦና ቧንቧ

ሾፌራችን ቀኝ እግሩን ያጣው በአንድ ቃል ምክንያት ነው። ይህን ስናገር ነገር የማሳምር የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። አላሳመርኩም። ገደሉም ድንጋዩም ከዚያ በፊት እዚያው ነበሩ፤ አዲስ የመጣው፣ ወረቀት ላይ ተሰርዞ በሌላ የተተካ አንድ ቃል ነው። ከወረቀቱ ግርጌ ያለው ፊርማ ደግሞ የእኔ ነው። ይኸው ስንት ዓመት ሆነው፣ ዛሬም ቤቴ ውስጥ ቧንቧ የሚል ቃል ሲነሳ ደሜ ይፈላል። ልጆቼ ይህን ስለሚያውቁ የጓሮው ውኃ ሲበላሽ "ውኃው ያንጠባጥባል" ይሉኛል እንጂ ያንን ቃል አይጠሩብኝም።

አሰብ የሄድኩት ፈልጌ አይደለም፤ ተመድቤ ነው። በደርግ ጊዜ ተመድበሃል ከተባልክ ሻንጣህን ታነሳለህ፣ አበቃ። ናዝሬት ጋራዥ ውስጥ ያደግሁ መካኒክ ስለሆንኩ ሙቀት አውቃለሁ ብዬ ነበር። አላውቅም ነበር። አሰብ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ቁልፍ በባዶ እጅ አይጨበጥም፤ ጨርቅ ጠቅልለን ነው ቡሎን የምንፈታው። ጨዋማው ነፋስ ደግሞ ብረት ይበላል። ዛሬ ያጠበቅኸውን ዳዶ ከሁለት ወር በኋላ ናፍጣ አጠጥተህ፣ ለምነህ፣ ተሳድበህ ነው የምትፈታው። እኔ ስድብ የለመድኩት እዚያ ነው።

መሥሪያ ቤታችን በባሕሩ ዳርቻ ወዳሉት ትንንሽ ከተሞች፣ ወደ ዒድና ወደ ጥዖ፣ መድኃኒትና ክትባት የሚያደርስ የመንግሥት ቢሮ ነበር። ለዚህ ሁሉ ሥራ ያለችን አንዲት የሩሲያ ጂፕ ናት። ከእኛ በፊት ወታደሮች ይዘዋት ስለነበር ሆዷ ድንጋይ እንዳይነካ ብለው ከፍ አድርገዋታል። ፊቷን ደህና አድርገው ነው ያነሱት። ኋላዋን ግን በችኮላ፣ በባሌስትራውና ሁለቱን ጎማዎች በሚያያይዘው አክስል መካከል የጡብ ግማሽ የሚያህል ብረት ሰንቅረው አነሱት። ባሌስትራ የመኪናውን ሸክም የሚችለው፣ እርስ በርሱ የተነባበረው ዝርግ ብረት ነው። ያንን የተሰነቀረውን ብረት እኛ ጋራዥ ውስጥ ታኮ እንለዋለን፤ እንደ ሴት ጫማ ታኮ ማለት ነው።

ሾፌሩ በዚህ ታኮ ላይ ቀልድ አያልቅበትም። የዒድ ተወላጅ አፋር ነው፤ አማርኛውን የተማረው ትምህርት ቤትና ወደብ ላይ ሲሆን ከእኔ በላይ ያሳምረዋል። ጠዋት ጠዋት ወደ ጋራዡ ሲገባ፣ "አሰላሙ አለይኩም፣ ያ አኺ። እመቤቲቱ ዛሬም ታኮዋን አድርጋ አሸዋ ላይ ልትወጣ ነው?" ይለኛል፤ ያ አኺ በአረብኛ ወንድሜ ማለት ነው። እኔም አንተ ምን ቸገረህ፣ ባዶ እግርህን ነህ እለዋለሁ። እውነትም ነበር። ሲነዳ የቀኝ እግሩን ጫማ አውልቆ ከመቀመጫው ሥር ያስቀምጣል። ፍሬኑን በባዶ እግሩ ነው የሚረግጠው። ለምን ብዬ ስጠይቀው፣ "መኪና የምታወራው በእግር በኩል ነው፤ ጆሮዋን በጫማ ልድፈንባት?" አለኝ። ቀልደኛ ብቻ ግን አልነበረም። ያንን መንገድ፣ አሸዋውን፣ ጥቁሩን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ዝናብ ሲዘንብ ብቻ የሚሞሉትን ደረቅ ወንዞች፣ እንደ እሱ የሚያውቅ ሰው መሥሪያ ቤቱ አልነበረውም። እናቱና እህቱ ዒድ ናቸው። ያ መንገድ ለእሱ ወደ ቤት የሚወስድ መንገድ ነው።

አንድ ቀን ከጥዖ ተመልሶ ሳይቀልድ መጣ። መኪናዋን አቁሞ፣ ወርዶ፣ የኋላ ጎማዋን በእጁ እየደበደበ፣ "ኋላዋ አይታመንም" አለኝ። ድንጋይ ላይ ፍሬን ሲይዝ ባሌስትራው ታኮው ላይ እየተጠማዘዘ ኋላዋ እንደ ፍየል ይዘላል። በዚያ ላይ አንደኛው ታኮ ሸሽቶ አክስሉ ተንጋዷል። ሥሯ ገብቼ ሳይ ተናደድኩ፤ ይህን የሠራው ሰው መኪና ሠርቶ ራሱ የሚነዳት ቢሆን ኖሮ እንደዚያ አይሠራም ነበር። በዚያው ቀን የኋላዋን ነገር እንደ አዲስ ልሠራው ወሰንኩ።

ሐሳቤ ይህ ነበር። ታኮውን አውጥቼ እጥላለሁ። በታኮው ፋንታ ባሌስትራውን ራሱን የበለጠ ቀስት አድርጌ፣ ብረት ጨምሬ፣ ቁመቷን በራሱ ጉልበት እንዲይዝ አደርጋለሁ። ከዚያ ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ወደ ታች፣ ድንጋይ ሲወጣ ወደ ላይ እንደ ልቡ እንዲሄድ ረጃጅም ሾክ አብዞርበር እገጥማለሁ። የነበሩት አጭር ናቸው፤ አንደኛው እንዲያውም ከአንገቱ ተሰብሮ በልማድ ብቻ ተንጠልጥሏል።

ዕቃውን ያገኘሁት ከመንግሥት መጋዘን አይደለም። ከአዲስ አበባ አሰብ የሚመላለስ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ዳናኪል በረሃ ላይ ዲናሞው ተቃጥሎበት አሰብ ተጎትቶ ሲገባ የሠራሁለት እኔ ነኝ። ችግሬን ስነግረው በሚቀጥለው ጉዞው ሁለት ረጃጅም ሾክ አብዞርበር ከመርካቶ ይዞልኝ መጣ። አሮጌ ባሌስትራም ከጭነቱ በላይ ጭኖልኝ መጣ። ረዳቱ ከላይ ሲወረውረው መሬቱ ተነቃነቀ።

ሦስት ጠዋት ሙሉ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ያንን ብረት በሁለት ድጋፍ ላይ አጋድሜ በመዶሻ ቀጠቀጥኩት። ባሌስትራ በእሳት ከቀሰትከው ጉልበቱን ያጣል፤ በቀዝቃዛው፣ ጣት በጣት ነው የሚቀሰተው። ሾፌሩ ዳር ላይ ቁጭ ብሎ ሻይ እየጠጣ በዓይኑ ይለካል። "ትንሽ ግራ፣ ያ አኺ። አሁን ጀልባ መሰለ።" አምስቱን ብረት አነባብሬ፣ መሐላቸውን በግራሶ ቀብቼ፣ በአንድ ቡሎን ሰፍቼ ስገጥመው መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆመች። ከወደቡ ጀርባ ወዳለው ድንጋይ ወሰድናት። ቀስ ብሎ አንዱን ጎማ ትልቅ ድንጋይ ላይ አወጣው፣ ሌላው ጉድጓድ ውስጥ ወረደ፣ መኪናዋ ግን አልተንገራገጨችም። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ "ማሻላህ" አለ። እኔ በሕይወቴ ሠርቼ ከኮራሁባቸው ነገሮች አንዱ ያ የኋላ ባሌስትራ ነው፤ አሁንም እኮራበታለሁ፤ ማንም አይቀማኝም።

የቀረው አንድ ዕቃ ነበር። ከሻንሲው፣ ከመኪናዋ አጽም ብረት፣ ተነስቶ ወደ ኋላ አክስል የሚወርድ፣ የፍሬን ዘይት የሚያስተላልፍ አንድ አጭር የጎማ ቱቦ አለ። አክስሉ ከፍ ዝቅ ሲል እሱም አብሮ ይተጣጠፋል። ድሮ ሾክ አብዞርበሩ አጭር ስለሆነ አክስሉን ወደ ታች ብዙ አያስወርደውም፤ ቱቦውም ይበቃው ነበር። አሁን ግን ጎማው ጉድጓድ ላይ ሲንጠለጠል አክስሉ ድሮ ወርዶ የማያውቀውን ያህል ይወርዳል፤ ቱቦው ደግሞ እንደ ክራር ጅማት ይወጠራል። አንድ ቀን ይበጠሳል። ያቺ ጂፕ አራቱንም ጎማ የምትይዘው በአንድ የዘይት መስመር ነበር። ቱቦው ከተበጠሰ ግማሽ ፍሬን እንኳ አይቀርም፤ ምንም አይኖርም። የሚያስፈልገኝ ከነበረው በአራት ጣት የሚረዝም ቱቦ ነው። አራት ጣት ብቻ።

የጭነት መኪናው ሾፌር ሊሄድ ሲል፣ "ቱቦውንስ ላምጣልህ? ቁመቱን ብቻ ንገረኝ" አለኝ። አሁን ራሴን በጥፊ የምመታበት ቦታ ይህ ነው። አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ኃላፊያችን ሰብስቦን፣ ዕቃ ከመንግሥት መጋዘን ውጭ በግል ማስመጣት የኢኮኖሚ አሻጥር ነው፣ ከእንግዲህ የተገኘበትን አንታገሥም ብሎ ነበር። ሾክ አብዞርበሩን አስመጥቻለሁ፤ ባሌስትራውንም። ፈርቻለሁ። ስለዚህ ቢያንስ ይህን አንዱን በሕጉ ልጠይቅ ብዬ፣ "ከድሮው በአራት ጣት የሚረዝም ነው፤ ግን ተወው፣ እሱን በፎርም አስመጣዋለሁ" አልኩት። በሕገ ወጥ መንገድ የመጣው ዕቃ ሁሉ እስከ ዛሬ ድረስ ማንንም አልጎዳም።

ኃላፊያችን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጣ፣ መኪና ውስጥ ከኋላ ወንበር ሌላ ቦታ ተቀምጦ የማያውቅ ሰው ነው። ክፉ ሰው ነበር አልልም። ከክፉ ሰው ጋር ብሆን ይሻለኝ ነበር፤ ክፉ ሰው ምን እንደሚሠራ ያውቃል። ይህኛው የተማረ ነበር፣ እርግጠኛ ነበር፣ ቀይ እስክሪብቶ ነበረው። በዚያ ሰሞን ደግሞ አንድ ነገር ይዞት ነበር፤ መሥሪያ ቤቱ በጠራ አማርኛ እንዲጽፍ። የፋሺስት ቋንቋ ከፎርሞቻችን ይውጣ ይላል።

ፎርሙን ይዤለት ገባሁ። የጻፍኩትን እስከ ዛሬ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ "ለኋላ አክስል የሚሆን የፍሬን ቱቦ፣ ከነባሩ በአራት ጣት የሚረዝም፣ ብዛት ሁለት።" ሁለት ያልኩት አንዱ መጠባበቂያ እንዲሆን ነው። ወረቀቱን ተቀብሎ ማኪያቶውን ዳር ላይ አስቀምጦ አነበበና ፈገግ አለ።

"ጓድ መካኒክ" አለኝ፣ "ይህ ምን ቋንቋ ነው?"

"የጋራዥ ቋንቋ ነው ጓድ።"

"ቱቦ! ጣሊያን ከወጣ ስንት ዘመኑ፣ አንተ አሁንም በእሱ አፍ ትናገራለህ። ቱቦ በአማርኛ ምንድነው?"

"ጓድ፣ በአማርኛም ቱቦ ነው።"

"ቧንቧ ነው" አለና በቀዩ እስክሪብቶ ሰረዘው። ከላዩ ቧንቧ ብሎ ጻፈ።

"ጓድ፣ ቧንቧ ሌላ ነው። ቧንቧ ብረት ነው፤ አይተጣጠፍም። ይህ የጎማ ነው።"

"ቤትህ ውኃ የሚመጣልህ በምንድነው?"

"በቧንቧ ነው።"

"ዘይቱስ በምን ይሂድ? አማርኛ ለቤትም ለመኪናም አንድ ነው።" ከዚያ "በአራት ጣት የሚረዝም" የሚለውንም ሰረዘው። ጣት ሳይንሳዊ መለኪያ አይደለም አለ። በፋንታው "ባለ አንድ ሜትር" ብሎ ጻፈ። ተተይቦ ይምጣልህና ፈርም ብሎ ማኪያቶውን አነሳ።

ልነግረው የሚገባኝ ሁሉ የመጣልኝ ከበሩ ከወጣሁ በኋላ ነው። ፍሬን ራሱ ጣሊያንኛ ነው፤ ለምን አልሰረዘውም? ጎማ ጣሊያንኛ ነው። መኪና ጣሊያንኛ ነው። የያዘው ቦርሳ፣ ያደረገው ካልሲ፣ የሚጠጣው ማኪያቶ፣ ሁሉም ጣሊያንኛ ነው። አንድ ቃል ብቻ መርጦ፣ ያውም የሰው ነፍስ የተንጠለጠለችበትን መርጦ አሳመረልኝ። ይህን ሁሉ ለብቻዬ፣ በግቢው ውስጥ እየሄድኩ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ተናገርኩ። በማግሥቱ ወረቀቱ ተተይቦ መጣ። "የፍሬን ቧንቧ፣ ባለ አንድ ሜትር፣ ብዛት ሁለት።" አነበብኩት። አዲስ አበባ ያለ የዕቃ ግዥ ሠራተኛ ፍሬን የሚለውን አይቶ ይገባው ይሆናል አልኩና ፈረምኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ዕቃው በአውሮፕላን መጣ። ሾፌሩ ከአየር ማረፊያው ሊያመጣው ሄዶ በጆንያ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ትከሻው ላይ አድርጎ እየሳቀ ገባ። "ያ አኺ፣ ዓሣ ማጥመጃ ነው እንዴ የላኩልህ?" ጆንያውን ስፈታው ሁለት የውኃ ቧንቧ ነው። እየነጣ የሚያበራ፣ ጫፍና ጫፉ ጥርስ የወጣለት፣ ባለ አንድ ሜትር የግድግዳ ቧንቧ። ከውስጡ ወረቀት ወጣ፤ "የፍሬን ቧንቧ" የሚለው ላይ ፍሬን የሚለውን ቃል አንድ ሰው በእርሳስ አክብቦ ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አድርጓል። ቢያንስ እሱ ተጠራጥሯል። አንዱን ቧንቧ አንስቼ ከግድግዳው ቆርቆሮ ጋር አጋጨሁት፤ ቆርቆሮው ላይ የቀረው ስርጉድ እኔ አሰብን እስክለቅ ድረስ እዚያው ነበር።

ችግሩ በዚያው አውሮፕላን ሌላ ነገርም መጥቶ ነበር። ዒድ ላይ ኩፍኝ ገብቷል የሚል የሬዲዮ መልእክት ከደረሰን ሰንብቷል፤ ክትባቱ በበረዶ ሳጥን ተጭኖ የመጣው ያን ቀን ነው። አሰብ ላይ በረዶ ስንት ቀን ይቆያል? ጠዋት ያየኸው በረዶ ማታ የለም። ኃላፊው ዘንድ ቧንቧውን ይዤ ገብቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለትና መኪናዋ አትወጣም አልኩት። የጭነት መኪናው ሾፌር በስድስት ቀን ይመለሳል፣ ትክክለኛውን ቱቦ ከእሱ ላስመጣ፣ ስድስት ቀን ስጠኝ አልኩት።

ቧንቧውን አላየውም። "ተጠይቆ የተላከ ዕቃ ነው፣ ባለው ተጠቀም" አለኝ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ዒድ ላይ ሕፃናት ቢሞቱ ኃላፊነቱን በጽሑፍ ትወስዳለህ?" አለ። ይህ ሰው በሕይወቱ አንዴ ትክክል ቢሆን ያን ጊዜ ነበር፤ ያም አናደደኝ።

ወጥቼ ለሾፌሩ ነገርኩት። አላስገደድኩትም፣ አልከለከልኩትምም። እሱ ግን አስቀድሞ ወስኗል። "የእህቴ ልጆች እዚያ ናቸው" አለኝ። ስለዚህ ማድረግ የምችለውን አደረግሁ። ከተጣለ የጭነት መኪና ጎማ ላይ ወፍራም ጠፍር ቆርጬ፣ አክስሉን በግራና በቀኝ ከሻንሲው ጋር አሰርኩት፤ ጎማው ሲንጠለጠል ጠፍሩ እንዲይዘውና ቱቦው እንዳይወጠር። ሾፌሩን ሥሯ ድረስ አስገብቼ አሳየሁት።

"ይህ ጠፍር እስካለ ድረስ ሰላም ነህ" አልኩት። "ደረቅ ወንዝ ስትገባ ቀጥ ብለህ ግባ። በሰያፍ አትግባ፤ አንዱን ጎማ እንዳታንጠለጥል። ባቆምክ ቁጥር ጠፍሩን እይ።"

"ኢንሻላህ" አለና ጫማውን አውልቆ ከመቀመጫው ሥር አስቀመጠ። ክትባቱን የምትሰጠው የቢሯችን ነርስ ሳጥኑን አቅፋ ከጎኑ ተቀመጠች። ከግቢው ሲወጡ ከኋላ ሆኜ ባሌስትራውን አየሁት። አምሮ ነበር።

የሆነውን የነገረችኝ ነርሷ ናት። ክትባቱ ደርሷል፤ ሦስት ቀን ሙሉ ከጠዋት እስከ ማታ ልጆች ሲከትቡ ውለዋል። የእህቱም ልጆች ተከትበዋል። ሲሄዱ በቆሙ ቁጥር ወርዶ ጠፍሩን ያይ ነበር፤ ከዒድ ሲነሱም ጎንበስ ብሎ አይቷል። ግን ጥቁሩ ድንጋይ ምላጭ ነው፤ በመንገድ ላይ የቀኙን ጠፍር በላው። ከዒድ ብዙም ሳይርቁ ወደ አንድ ደረቅ ወንዝ ሲወርዱ፣ እሱ እንዳልኩት ቀጥ ብሎ ገባ። ግን ከአሸዋው ሥር የተደበቀ ጉድጓድ ነበር፤ የቀኙ የኋላ ጎማ ገባበትና ተንጠለጠለ። ነርሷ ከሥር ጠብ የሚል ትንሽ ድምፅ ሰማሁ አለች። ከዚያ መኪናዋ ከጉድጓዱ ወጥታ ቁልቁል ስትሮጥ እሱ "ሲስተር፣ ያዢ" አለ። በእሷ በኩል ገደል ነው፤ በእሱ በኩል ድንጋይ። መሪውን ወደ ራሱ ጠመዘዘው።

የመኪናዋ አፍንጫ በእሱ በኩል ገባ። ነርሷ ግንባሯ ተጫጭሮ ወጣች። እሱን ለማውጣት ግን ዓሣ አስጋሪዎች እስኪመጡ መጠበቅ ነበረባቸው፤ ቀኝ እግሩ ፍሬኑ ላይ እንዳለ ተጣብቆ ነበር። ነርሷ ይህን ስትነግረኝ አልቅሳለች። "ፍሬን እንደሌለ እያወቀ ሲረግጥ ነበር" አለችኝ፣ "ደጋግሞ ደጋግሞ ይረግጥ ነበር።" አሰብ ያመጡት በጀልባ ነው። እስኪደርስ ከጉልበቱ በታች የሚተርፍ ነገር አልነበረም።

የጭነት መኪናው ሾፌር በቀጠሮው፣ በስድስተኛው ቀን፣ አሰብ ገባ። ማንም ሳያዘው ቱቦ ይዞ ነው የመጣው። "ለማንኛውም ብዬ ነው" አለኝ። ጋራዡ ውስጥ ሚስማር ላይ ሰቀልኩት። ልክ አራት ጣት ይረዝማል።

ከዚያ ስብሰባ ተጠራ። ሂስና ግለ ሂስ ይባላል፤ ሰው ተነስቶ ራሱን የሚሰድብበት ስብሰባ ነው። ኃላፊው የአደጋውን ሪፖርት አነበበ። በመንግሥት ንብረት ላይ ከባድ፣ በሾፌሩ ላይ ቀላል ጉዳት ደርሷል ይላል። ቀላል። ቀጥሎ ፎርሙን አነሳ። "የተጠየቀው ቧንቧ ነው፤ የተላከውም ቧንቧ ነው" አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"ጓድ መካኒክ፣ ይህ ፊርማ ያንተ ነው?"

"ነው።"

"ቧንቧ ብለህ የጠየቅኸው አንተ ነህ?"

በቀይ እስክሪብቶ የሰረዘው ወረቀት ከእሱ ዘንድ ነበር፤ ዳግመኛ አላየሁትም። ግን ወረቀት አያስፈልገኝም ነበር፤ አፍ ነበረኝ። ጓድ፣ አንተ ነህ የሰረዝከው ማለት አራት ቃል ነው፤ ያውም ሁሉም ንጹሕ አማርኛ። ቤቴ ነፍሰ ጡር ሚስት አለችኝ። በዚያ ዓመት በስብሰባ ላይ አፉን ከፍቶ በማግሥቱ ወንበሩ ባዶ የሆነ ሰው አይቻለሁ። ይህን የምጽፈው ለሰበብ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። ተነሳሁና፣ "አዎ፣ እኔ ነኝ። በቃላት አጠቃቀም ጥንቃቄ ጎድሎኛል" አልኩ። አጨበጨቡልኝ። ኃላፊው ራሱ አጨበጨበ፤ ከሁሉም ቀድሞ።

ለኃላፊው ያለኝ ንዴት ከጊዜ በኋላ ትንሽ በርዷል፤ ጭብጨባው ግን አሁንም ይሰማኛል። እሱ ቃል ነው የቀየረው፤ እኔ እውነቱን ነው የቀየርኩት። እሱ አያውቅም ነበር። እኔ አውቅ ነበር።

ሾፌሩ ሆስፒታል ሳለ ሁለት ጊዜ ሄጄ፣ ሁለቱንም ጊዜ ስለ አየሩ አውርቼ ተመለስኩ። ከዚያ ከሦስት ወር በኋላ አንድ ጠዋት፣ "አሰላሙ አለይኩም፣ ያ አኺ" የሚል ድምፅ ከበር ሰማሁ። በክራንች ቆሟል። የወደቡ አናጢ ከጣውላ የሠራለት ክራንች ነው፤ አጥሮበት ጎብጧል።

"አጠረችብኝ" አለኝ። "ታኮ አስገባላት።"

ሊያስቀኝ ነው። አልሳቅሁም። ክራንቹን ተቀብዬ ለካሁት። ያጠረው አራት ጣት ነው። ዙሪያዬን ተመለከትኩ፤ የሚሆነው ብረት አንድ ብቻ ነበር፤ ከቆርቆሮው ጋር ያጋጨሁት ቧንቧ ጥግ ላይ እንደቆመ ነው። ሞርሳ ላይ አስሬ ቆረጥኩት። ጣውላው ልክ ለእሱ የተሠራ ይመስል ውስጡ ገባ። ስሠራ ሁሉንም ነገርኩት፤ ቀዩን እስክሪብቶ፣ ፊርማዬን፣ ስብሰባውን። ፊቱን ሳላይ ነበር የምናገረው።

"ሰምቻለሁ" አለኝ መጨረሻ ላይ። "አጨበጨቡልህ አሉ።"

ከሥሩ ጎማ ላልብስልህ፣ ሲሚንቶ ላይ ያንሸራትትሃል ስለው እምቢ አለ። "ይጩህ" አለኝ። ተነስቶ አንዴ ሁለቴ መሬቱን መታበት። ብረቱ ጮኸ።

"እንግዲህ ይህ ነው ቧንቧ?" አለኝ።

"ይህ ነው።"

ሚስማሩ ላይ የተሰቀለውን አየው። "ያኛውስ፣ አንተ የጠየቅኸው፣ ማን ነበር ስሙ?"

የኃላፊው ቢሮ ከጋራዡ ማዶ ነው፤ በሩ ክፍት ነበር። ሾፌሩ በሩን አየና ተመልሶ እኔን አየኝ።

"ጮክ ብለህ ንገረኝ" አለ።

"ቱቦ" አልኩት፣ እሱ ብቻ እንዲሰማው አድርጌ።

ትንሽ ጠበቀኝ። ከዚያ ዞሮ በግቢው መሐል፣ በቢሮው በር ፊት ለፊት አድርጎ፣ ቧንቧውን ሲሚንቶው ላይ እያጮኸ ሄደ።